አይ ትራከር እና ኢኢጂ አንድ ላይ፦ ሰው ማስጠንቀቂያን ለምን ችላ እንደሚል ማወቅ ይቻላል?

ማለዳ_27

ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ መመረቂያ የሚሆን ጥናት እያሰናዳሁ ነው። ጉዳዩ የመድኃኒት መመሪያ ወረቀት ነው። ያ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው፣ ተጣጥፎ ከመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ የሚወጣው። ሰው ማስጠንቀቂያውን ያየዋል? አይቶትስ ለምን ችላ ይለዋል?

መጠይቅ በትኜ ነበር። ሁሉም "አዎ፣ አንብቤዋለሁ" ይላል። ምን ይላል ሲባል ግን ዝም። ስለዚህ መጠየቁን ትቼ በመሣሪያ ልለካ ብዬ አሰብኩ።

እጄ ላይ ያለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከስክሪን ሥር የሚቀመጥ፣ ዓይን የት እንደሚያይ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚመዘግብ አይ ትራከር። ሁለተኛው ግንባር ላይ የሚታሰር፣ 4 ኤሌክትሮድ ያለው የኢኢጂ (የአንጎል ኤሌክትሪክ መዝጋቢ) ማሰሪያ። ማሰሪያው ከራሱ ሶፍትዌር ጋር ነው የመጣው። "ትኩረት"፣ "ጭንቀት"፣ "ፍላጎት" እያለ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል።

ሐሳቤ ቀላል ነው። ዓይኑ ማስጠንቀቂያው ላይ ባረፈበት ቅጽበት "ጭንቀት" ከፍ ካለ ሰውየው ፈርቷል። ካላለ ንቆታል። ያስኬዳል? ሙያው ያላችሁ ሳትሳሱ ንገሩኝ።

አባ_ጥርጣሬ

አያስኬድም። ዝርዝሩን ባለሙያዎቹ ይንገሩሽ።

ኤሌክትሮድ_ለጣፊ

አባ ጥርጣሬ እንደ ልማዱ በሩን ዘግቶ ሄደ። እኔ ትንሽ ልክፈተው።

እህቴ፣ መጀመሪያ ማሰሪያሽ ምን እንደሚለካ እንነጋገር። ኢኢጂ የሚመዘግበው ራስ ቆዳ ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ልዩነት ነው። መጠኑ ከ10 እስከ 100 ማይክሮቮልት ቢሆን ነው። ማይክሮቮልት ማለት የቮልት አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህን ከራስ ቅል ውጭ ሆኖ መያዝ መቻሉ ራሱ ይገርማል። ሃንስ በርገር የሚባል ጀርመናዊ የአእምሮ ሐኪም ከሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። እስከ 1929 ድረስ ግን አላሳተመውም። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ችግሩ ምን መሰለሽ፣ ከአንጎል በላይ የሚጮሁ ነገሮች እዚያው አጠገቡ አሉ። አዲስ ተሳታፊ ሲመጣ ሁልጊዜ የማሳየው ነገር አለ። ኮፍያውን አጥልቄ፣ ጄሉን ሞልቼ፣ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረዋለሁ። "እስቲ ዓይንህን አርገብግብ" እለዋለሁ። ከግንባሩ የሚመጡት መስመሮች ብድግ ብለው ይወርዳሉ። "ጥርስህን ንከስ።" መስመሩ ሁሉ በአንዴ ወፍሮ ይጠቁራል። ያ ጡንቻ ነው። "በል አሁን ዓይንህን ጨፍነህ ዘና በል።" ትንሽ ቆይቶ ከማጅራት ከፍ ብለው በተለጠፉት ኤሌክትሮዶች ላይ የተስተካከለ ሞገድ ብቅ ይላል። በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይወዛወዛል። አልፋ ይባላል፤ በርገር ያየውም እሱን ነው። እንግዲህ ከሦስቱ ከአንጎል የመጣው የመጨረሻው ብቻ ነው። ትንሹም እሱ ነው።

ዓይን ደግሞ ራሱን የቻለ ትንሽ ባትሪ ነው። ፊት ያለው ኮርኒያ ከኋላው ሬቲና አንጻር ፖዘቲቭ ነው። ዓይን በዞረ ቁጥር ባትሪው አብሮ ይዞራል፣ ኢኢጂው ላይ ይታያል። አንቺ የምታጠኚው ንባብን ነው። አንባቢ ደግሞ በሰከንድ 3፣ 4 ጊዜ ዓይኑን ያዘላል። ማሰሪያሽ ያለው ግንባር ላይ፣ ልክ ከዓይንና ከቅንድብ ጡንቻ አጠገብ ነው። "ጭንቀት 80" ብሎ ሲጽፍልሽ ሰውየው ደቃቁን ፊደል ለማየት ቅንድቡን ቋጥሮ ይሆናል።

ማለዳ_27

> ቅንድቡን ቋጥሮ ይሆናል

ኧረ ያንን ወረቀት ቅንድቡን ሳይቋጥር የሚያነብ ማን አለ! ግን ይህን ጫጫታ የሚያጸዱ ዘዴዎች አሉ አይደል? አይሲኤ ምናምን ሲሉ ሰምቻለሁ።

ኤሌክትሮድ_ለጣፊ

አሉ፣ እኔም በየቀኑ እጠቀምባቸዋለሁ። አይሲኤ ከብዙ ኤሌክትሮዶች የመጣውን ቅልቅል ወደየምንጩ ለመለያየት ይሞክራል። ግን ከ4 ኤሌክትሮድ የሚያወጣልሽ ቢበዛ 4 ምንጭ ነው። የዓይን መርገብገብ አንዱን ይወስዳል፣ የጎንዮሽ እንቅስቃሴ ሌላውን፣ ጡንቻ ሦስተኛውን። ለአንጎል ምን ቀረ?

ባለሙያውም ይታለላል። ጋማ የሚባል ፈጣን ሞገድ አለ፣ በሰከንድ ከ30 በላይ የሚወዛወዝ። ሰው አንድ ምስል ካየ ከ200 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ከፍ ይል ነበር። አንጎል የምስሉን ክፍሎች አገጣጥሞ "ይኼ ወንበር ነው" ሲል የሚሰጠው ምልክት ነው ተብሎ ብዙ ተጻፈበት። በ2008 ሽሎሚት ዩቫል-ግሪንበርግና ባልደረቦቿ ኢኢጂውን ከአይ ትራከር ጋር አንድ ላይ መዘገቡ። ያ የጋማ ጭማሪ ከጥቃቅን የዓይን ዝላዮች ጋር እየተከተለ የሚመጣ ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ዓይኔን አላንቀሳቀስኩም ብሎ በሚያስብበት ጊዜ የሚደረጉ ዝላዮች ናቸው። ማይክሮሳኬድ ይባላሉ።

ሁለቱን መሣሪያ አንድ ላይ ማድረግን የምወደው ለዚህ ነው። አንዱ ሌላውን ያጋልጣል።

ቁጥር_ይናገር

ጫጫታውን ሁሉ አጸዳሽ እንበል። 64 ኤሌክትሮድ፣ ምርጥ ላብራቶሪ፣ ሁሉም ነገር ሙሉ። አሁንም ሐሳብሽ ላይ ያለው ቀዳዳ አልተደፈነም።

"ሰው ሲፈራ ይህ ምልክት ይወጣል" የሚል ጥናት አለ እንበል። ከዚያ ተነስተሽ "ይህ ምልክት ስለወጣ ሰውየው ፈርቷል" ማለት አትችዪም። ምልክቱ በሌላ በ10 ምክንያት ሊወጣ ይችላል። የአንጎል ተመራማሪው ራስል ፖልድራክ በ2006 ይህን የኋልዮሽ ድምዳሜ ጉዳይ በደንብ ፈትሾ ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ያልሰማ የለም፣ ግን አሁንም በየቦታው ይደረጋል።

በ2011 አንድ ታላቅ ጋዜጣ ላይ ሰዎች ስልካቸውን ቃል በቃል ያፈቅራሉ የሚል ጽሑፍ ወጣ። ማስረጃው ኤፍኤምአርአይ ነበር፣ የትኛው የአንጎል ክፍል እንደሠራ ከደም ፍሰቱ የሚገምት የማግኔት ምስል። የስልክ ጥሪ ሲያዩና ሲሰሙ ኢንሱላ የሚባለው የአንጎል ክፍል ሠራ፣ ኢንሱላ ደግሞ ከፍቅር ጋር የተያያዘ ነው ተባለ። ፖልድራክና ብዙ ተመራማሪዎች ወዲያው ለጋዜጣው መልስ ጻፉ። ኢንሱላ በአንጎል ምስል ጥናቶች እስከ አንድ ሦስተኛ በሚደርሱት ላይ ይታያል። በሕመምም፣ በመጸየፍም ይሠራል። በተመሳሳይ አካሄድ "ሰዎች ስልካቸው ያቅለሸልሻቸዋል" ብሎ መጻፍም ይቻል ነበር።

የማሰሪያሽ "ጭንቀት" ከዚህም ይብሳል። ፖልድራክ ቢያንስ ኢንሱላ የት እንዳለ ያውቃል። አንቺ ግን ሶፍትዌሩ ነጥቡን ከምን እንደሚያሰላው እንኳ አልተነገረሽም።

አባ_ጥርጣሬ

የሞተውን ዓሣ ሳትነግራት ልትሄድ ነው?

ቁጥር_ይናገር

እሺ፣ ለአንተ ስል። በ2009 ክሬግ ቤኔትና ባልደረቦቹ አንድ የሞተ ሳልመን ዓሣ ኤፍኤምአርአይ ውስጥ አስገቡ። የሰዎች ፎቶ አሳዩት። በፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች ምን እንደሚሰማቸው "ጠየቁት"። ከዚያ እንደ ሰው ዳታ ተነተኑት። አንጎሉ ውስጥ "የሠራ" ቦታ ተገኘ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦችን አንድ በአንድ ፈትነሽ እርማት ካላደረግሽ፣ በአጋጣሚ ብቻ የሚያበራ ነጥብ አይጠፋም። እርማቱ ሲደረግ ዓሣው ዝም አለ። በ2012 የኢግ ኖቤል ሽልማት አገኙበት፤ መጀመሪያ ለሚያስቅ፣ ቀጥሎ ለሚያሳስብ ምርምር የሚሰጥ ነው።

ይህን የሰማ ሁሉ "ኤፍኤምአርአይ ውሸት ነው" እያለ ሲሄድ ግን ይቆጨኛል። ዓሣው የሚያሳየው የትንተና ስንፍናን ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በ2020 የወጣው ነው። አንድ ዓይነት የ108 ሰው ዳታ ለ70 ቡድን ተሰጠ። 9 መላምቶችን ፈትሹ ተባሉ። የትንተና መንገዱ አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ቡድን አልተገኘም፤ በበርካታዎቹ መላምቶች ላይ መልሳቸውም ተለያየ። ሁሉም ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ማለዳ፣ ስለዚህ ዳታ መሰብሰብ ሳትጀምሪ ምን እንደምትለኪ፣ እንዴት እንደምትተነትኚ ጽፈሽ ቀኑን አትመሽ አስቀምጪ።

የገጽ_ነዳፊ

እኔ የአይ ትራከሩን በኩል ልያዝ። ገጽ መንደፍ ነው ሥራዬ፣ ይህን ዕቃ ለዓመታት ተጠቅሜበታለሁ።

መሣሪያው የሚሠራው እንዲህ ነው። የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ወደ ዓይን ይልካል። ካሜራው የዓይን ብሌኑን መሃልና ብርሃኑ ኮርኒያ ላይ የሚፈጥረውን ብልጭታ ያያል። በሁለቱ መሃል ያለው ርቀት ዓይን ሲዞር ይለወጣል። መጀመሪያ ላይ ተሳታፊው ስክሪን ላይ 5 ወይም 9 ነጥቦችን እንዲያይ የሚደረገው ለዚህ ነው፤ የትኛው ርቀት ከየትኛው ቦታ ጋር እንደሚገጥም መሣሪያው ይማራል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ጥሩ መሣሪያ፣ በጥሩ ቀን፣ ስህተቱ ግማሽ ዲግሪ ነው። ሰውየው ከስክሪኑ 65 ሴንቲሜትር ርቆ ቢቀመጥ ግማሽ ዲግሪ 6 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። በባለ 8 ነጥብ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ላይ ከመስመር መስመር ያለው ርቀት 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ መሣሪያው "እዚህ መስመር ላይ ነው" ሲልሽ፣ ሰውየው ሁለት መስመር ወደ ላይ ወይም ሁለት መስመር ወደ ታች እያነበበ ሊሆን ይችላል። ማስጠንቀቂያውን አነበበ ወይስ ስለ ማከማቻ ሙቀት የሚለውን? አታውቂም። መነጽር ያደረገ፣ ሽፋሽፍቷን የተኳለች፣ ወንበሩ ላይ የተንሸራተተ ሲመጣ ደግሞ ስህተቱ ይጨምራል።

መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው። ወረቀቱን እንዳለ አታቅርቢው። ስክሪን ላይ አጉልተሽ፣ ማስጠንቀቂያውን ዙሪያውን ባዶ ቦታ ሰጥተሽ አስቀምጪው። "ወረቀቱ እንደዚያ አይደለም" ይሉሻል። ልክ ናቸው። ግን እንዳለ ካቀረብሽው የምታገኚው ቁጥር ትርጉም የለውም። እኔ ብሆን በዚህ አልከራከርም።

በሰከንድ 60 መዝገብ ለአንቺ ይበቃል። ዓይን በንባብ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከ200 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ያርፋል። በዚያ ውስጥ ከ12 እስከ 15 መዝገብ ታገኛለሽ። ዝላዩ ግን ከ20 እስከ 40 ሚሊሰከንድ ነው፤ አንድ ሁለት መዝገብ ቢገኝ ነው። ስለ ዝላይ ፍጥነት ምንም እንዳትጽፊ።

ሌላው፣ ለተሳታፊው ምን ብለሽ እንደምታዢው አስቢበት። ከሁሉም ነገር በላይ ውጤትሽን የሚወስነው ይህ ነው። አልፍሬድ ያርቡስ የሚባል የሶቪየት ተመራማሪ ነበር። የኢሊያ ሬፒንን አንድ ሥዕል፣ ያልተጠበቀ እንግዳ ቤት ሲገባ የሚያሳየውን፣ ለተመልካች አቀረበ። አንዴ "ዝም ብለህ እይ"፣ አንዴ "የሰዎቹን ዕድሜ ገምት"፣ አንዴ "የቤተሰቡን የኑሮ ደረጃ ገምት"፣ እንዲህ እያለ በ7 ዓይነት ትእዛዝ። ሥዕሉ ያው ነው፣ የዓይኑ መንገድ ግን በየጊዜው ተለወጠ። ዕድሜ ሲባል ፊት ላይ፣ ኑሮ ሲባል ዕቃና ልብስ ላይ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ በ1967 ወጣ። ዛሬም ለአዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የማሳየው ያንን ምስል ነው።

ዝምታ

ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ፣ ዛሬ ግን አላስቻለኝም። "ዓይኑ ካረፈበት አይቶታል" የሚለውን እናንተም ሳትነኩት አለፋችሁ።

በ2013 ትራፍተን ድሩና ባልደረቦቹ 24 የራዲዮሎጂ ሐኪሞችን ሰበሰቡ። የሳንባ ሲቲ ምስል ሰጥተው ዕጢ ፈልጉ አሏቸው። ምስሉ ውስጥ የጎሪላ ሥዕል ደብቀዋል። ጎሪላው ከተለመደው ዕጢ 48 እጥፍ ይበልጣል። ከ24ቱ 20ዎቹ አላዩትም። አይ ትራከሩ ሲታይ ደግሞ ከእነዚያ 20 ውስጥ 12ቱ ዓይናቸው በቀጥታ ጎሪላው ላይ አርፎ ነበር። ዓይናቸው እዚያ፣ ልባቸው ዕጢ ፍለጋ ላይ።

የተገላቢጦሹም አለ። ማይክል ፖስነር በ1980 እንዳሳየው ሰው ዓይኑን ሳያንቀሳቅስ ትኩረቱን ወደ ጎን መላክ ይችላል። ስብሰባ ላይ ተናጋሪውን እያየ የጎረቤቱን ስልክ የሚሰልል ሰው ይህን ያውቃል።

ማለዳ፣ ሰው ማስጠንቀቂያውን አይቶ ሊያልፈው፣ ሳያየው ሊያውቀው ይችላል። የዓይን መዝገብ ብቻውን ይህን አይለይልሽም።

ኮፍያው_ከበደኝ

እኔ ተመራማሪ አይደለሁም፣ ተሳታፊ ሆኜ አውቃለሁ። ከዚያ በኩል ያለውን ልንገራችሁ።

ኮፍያው ሲጠብቅ ግንባር ይይዛል። ጄሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ወደ ጆሮ ሥር ይወርዳል። "ተፈጥሯዊ ሁን" ይሉሃል፤ ቀጥለው "ብዙ አታርገብግብ፣ አገጭህን አታንቀሳቅስ፣ አትዋጥ" ይሉሃል። እንዴት ሆኜ ነው ተፈጥሯዊ የምሆነው? ለማርገብገብ የተፈቀደልኝን ሰዓት እየጠበቅሁ ግማሹን ነገር ሳላየው አለፈ። ጽሑፍ ሲሰጡኝ ደግሞ ዓይኔን እያዩኝ እንደሆነ ስለማውቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል በቃል አነበብኩት። ቤቴ ብሆን አንድ መስመር አላነብም ነበር።

ጸጉሬ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ጥቅልል ነው። ኤሌክትሮዱ ቆዳ አልነካ ብሎ የምትለጥፈው ልጅ በጣም ደከመች። መጨረሻ ላይ የኔን ዳታ ሳይጥሉት አልቀሩም።

ኤሌክትሮድ_ለጣፊ

የመጨረሻዋ ነጥብ የሙያችን ነውር ናት። ባርኔጣዎቹ ሲሠሩ ለስላሳና ቀጥ ያለ ጸጉር ነው የታሰበው። ጥቅልልና ጥቅጥቅ ጸጉር ያለው፣ ሹሩባ የተሠራ ሰው "ሲግናሉ ደካማ ነው" ተብሎ ይወጣል። ከዚያ "የሰው አንጎል እንዲህ ያደርጋል" ተብሎ ይጻፋል። የየትኛው ሰው? በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ከሹሩባ መስመሮች መሃል ገብቶ የሚይዝ የኤሌክትሮድ መቆንጠጫ ተሠርቷል፣ በ2020 አካባቢ። እኔ ደግሞ ሹሩባው ለኤሌክትሮዶቹ መንገድ እንዲተው አስቀድሞ መነጋገር ትልቅ ልዩነት እንደሚያመጣ አይቻለሁ። ትንሽ ስልክ መደወል ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ስለ መዋጥ ያልከው ግን እውነት ነው ወንድሜ። እኔም "አትዋጥ" ብያለሁ፤ ያን ያልተባለ ሰው አንድ ደቂቃ ሳይውጥ ይቀመጣል፣ የተባለ ግን ወዲያው ምራቁ ይሞላል።

አባ_ጥርጣሬ

እንግዲህ ሁላችሁም ተባብራችሁ አፈረሳችሁት። ዓይን ይዋሻል፣ ኢኢጂ ይዋሻል፣ ተሳታፊው ይዋሻል። ልጅቷ ጠይቃ ትስማ በቃ። ይህ ሁሉ ሽቦ ለምን?

ቁጥር_ይናገር

እዚህ ላይ አልስማማም። ጠይቀህ ፈጽሞ የማትሰማቸው ነገሮች አሉ።

አንዱን ልውሰድ። በ1975 ጆርጅ ማኮንኪና ኪት ሬይነር አንድ ብልሃት ሠሩ። ሰውየው ስክሪን ላይ ያነባል፣ ኮምፒውተሩ ዓይኑን ይከተላል። ዓይኑ ባረፈበት ዙሪያ ያሉት ጥቂት ፊደላት ብቻ ትክክል ናቸው፤ የቀረው ሁሉ ትርጉም በሌለው ፊደል ተተክቷል። ዓይኑ ሲዘል መስኮቱ አብሮት ይዘላል። መስኮቱ በቂ ከሆነ አንባቢው ምንም አይታወቀውም፣ እንደ ልቡ ያነባል። ሲጠብ ንባቡ ይንቀራፈፋል። በዚህ መንገድ የእንግሊዝኛ አንባቢ ወደ ግራ ከ3 እስከ 4 ፊደል፣ ወደ ቀኝ ደግሞ ከ14 እስከ 15 ፊደል እንደሚጠቀም ታወቀ። በኋላ በ1981 በዕብራይስጥ ሲሞከር ተገለበጠ። ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ ሰፊው ጎን ወደ ግራ ሆነ። እንግዲህ ዓይኑ ያው ሥጋ ነው፣ ልማዱ ነው ትኩረቱን ያዞረው። ይህን በመጠይቅ ታገኘዋለህ? ማንም ሰው ስለ ራሱ ይህን አያውቅም።

ኢኢጂውም እንደዚያው። በ1980 ማርታ ኩታስና ስቲቨን ሂልያርድ ለሰዎች ዓረፍተ ነገር በአንድ ጊዜ አንድ ቃል እያደረጉ አሳዩ። አንዳንዱ "ትኩሱን ዳቦ በካልሲ ቀባው" ዓይነት ነው። ያ የማይገጥም ቃል ከታየ ከ400 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ ኢኢጂው ወደ ኔጋቲቭ ያዘነብላል። ኤን400 ይሉታል። አንድ ጊዜ ብታየው አይታይም፣ በጫጫታው ተውጧል። ብዙ ዓረፍተ ነገር አሳይተህ አማካዩን ስታወጣ ግን ጫጫታው እርስ በርሱ ይጣፋል፣ ምልክቱ ይቀራል። 100 ጊዜ ብትደጋግም ጫጫታው ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ሰውየው አልተጠየቀም፣ ምንም አልመለሰም። ቃሉ እንዳልገጠመለት ግን አውቀሃል።

ልዩነቱን አየኸው? እነዚህ ሰዎች "ምን ተሰማው" ብለው አልጀመሩም። ሁለት ሁኔታ አዘጋጁ፣ በአንድ ነገር ብቻ የሚለያዩ። ከዚያ ልዩነቱን ለኩ።

ዝምታ

ሕፃናትንም ጨምሩ። የ2 ወር ልጅ መጠይቅ አይሞላም። በ2013 ዋረን ጆንስና አሚ ክሊን ሕፃናት የሚያናግራቸውን ሰው በቪዲዮ ሲያዩ ዓይናቸውን ተከታተሉ። በኋላ ኦቲዝም የተገኘባቸው ልጆች የሰው ዓይን የማየታቸው መጠን ከ2 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ እየቀነሰ ሄዷል።

የዓይን ብሌን ስፋትም አለ። ዳንኤል ካህነማንና ጃክሰን ቢቲ በ1966 ለሰዎች ቁጥሮች እየነገሩ እንዲይዟቸው አደረጉ። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ብሌኑ እየሰፋ ሄደ፤ መልሰው ሲናገሩት ደግሞ እየጠበበ። ማለዳ፣ መሣሪያሽ ይህንንም ይመዘግብ ይሆናል። ግን ተጠንቀቂ። በሐሳብ የሚመጣው ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ብርሃን ግን ብቻውን ብሌንን ከ2 እስከ 8 ሚሊሜትር ያደርሰዋል። ማስጠንቀቂያሽን በደማቅ ቢጫ ሳጥን ካደረግሽው የምትለኪው ቢጫውን ነው።

ሕግ_አንባቢ

የስምምነት ቅጽሽ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። "የዓይንና የአንጎል መረጃ ይሰበሰባል" ብሎ ማለፍ አይበቃም። ጥሬው መዝገብ ለማን ይደርሳል? ያ ማሰሪያ ዳታውን ወደ ሠሪው ሰርቨር ይልካል? ብዙዎቹ ይልካሉ። ቺሊ በ2021 የአንጎል እንቅስቃሴንና ከእሱ የሚገኘውን መረጃ የሚጠብቅ አንቀጽ ሕገ መንግሥቷ ውስጥ አስገባች። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ አንድ የማሰሪያ ሻጭ ኩባንያ የአንድን ተጠቃሚ የአንጎል ዳታ እንዲሰርዝ አዘዘ። በአሜሪካ ኮሎራዶም በ2024 የነርቭ መረጃን በግላዊነት ሕጓ ጨምራለች።

የዓይን እይታ ግን በብዙ ቦታ ገና ተረስቷል። ለኔ እሱ ነው የሚያስፈራው። ኮፍያ አይፈልግም፣ ጄል አይፈልግም፣ ካሜራ ይበቃዋል። ሰው የት እንደሚዘገይና ምን እንደሚሸሽ ከዚያ ይገመታል። ተሳታፊው መሃል ላይ "ይብቃኝ" ቢል መዝገቡ ሁሉ እንደሚጠፋ በግልጽ ጻፊለት።

ማለዳ_27

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ አባ ጥርጣሬንም ጨምሬ። አማካሪዬ ጋር ተነጋግረን እንዲህ አድርገነዋል።

ማሰሪያው ቀርቷል። ነጥቡም አብሮ ቀርቷል።

የመጀመሪያው ሙከራ አይ ትራከር ብቻ ነው። ስክሪን ላይ፣ ጎልቶ፣ ማስጠንቀቂያው ዙሪያውን ባዶ ቦታ አግኝቶ። ቀለሙና ድምቀቱ በሁሉም ገጽ ላይ እኩል ነው። ግማሹ ተሳታፊ "አንብብ" ብቻ ይባላል። ሌላው ግማሽ "ጉበቱን የሚያመው ሰው ይህን መድኃኒት ይውሰድ?" ተብሎ ይጠየቃል። በየቡድኑ ውስጥ ማስጠንቀቂያው ለአንዱ ሰው ከላይ፣ ለሌላው ከመሃል ይመጣል። ካነበቡ በኋላ ስለ ማስጠንቀቂያው ጥያቄ እጠይቃለሁ። እንግዲህ አራት ዓይነት ሰው አገኛለሁ፦ አይቶ ያስታወሰ፣ አይቶ ያላስታወሰ፣ ሳያይ የገመተ፣ ሳያይ ያላወቀ። ዝምታ፣ አንተ ያልከው ሁለተኛው ነው ዋናው። "ለምን ችላ አለ" የሚለውን ጥያቄ ወደዚህ አጥብቤዋለሁ።

ሁለተኛው ትንሽ ነው። አንድ ላብራቶሪ ባለ 32 ኤሌክትሮድ ሲስተም ሊያውሰኝ ነው። በኤን400 መንገድ፣ ቃል በቃል እያሳየሁ፣ ማስጠንቀቂያውን ያነበበ ሰው በኋላ ከማስጠንቀቂያው ጋር የሚጋጭ ዓረፍተ ነገር ሲያይ ምልክቱ ይወጣ እንደሆነ አያለሁ። አላስታውስም ያለውም ሰው ላይ ማለቴ ነው።

አባ_ጥርጣሬ

ይኼስ ያስኬዳል። አላስታውስም ያለው ሰው ላይ ኤን400 ካገኘሽ ግን "በልቡ ያስታውሳል" ብለሽ እንዳትጽፊ። ቃሉ ብርቅ ስለሆነም ሊወጣ ይችላል። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ማስጠንቀቂያውን ጭራሽ ላላነበበ ሰው አሳዪ።

ማለዳ_27

ያንን ቡድን ጨምሬያለሁ! አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ ለኤሌክትሮድ ለጣፊ። ቃሉ ስክሪን ላይ የወጣበትን ቅጽበት ለኢኢጂው እንዴት ነው የምነግረው? ፕሮግራሙ ራሱ ምልክት ይልካል ተብያለሁ። ይበቃል?

ኤሌክትሮድ_ለጣፊ

ምልክቱን ላኪ፣ ግን አትመኚው። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ በአንዱና በሚቀጥለው ምስል መሃል 16.7 ሚሊሰከንድ አለ። ፕሮግራሙ "አሳየሁ" ካለ በኋላ ብርሃኑ የሚወጣው ትንሽ ቆይቶ ነው። ስክሪኑ ራሱም የራሱን መዘግየት ይጨምራል።

ፎቶዳዮድ ፈልጊ፣ ብርሃን የሚለይ ትንሽ ሴንሰር ነው። ቃሉ በሚወጣበት ምስል ላይ ጥግ ላይ አንድ ነጭ ካሬ እንዲወጣ አድርጊ። ሴንሰሩን እዚያ ላይ ለጥፈሽ በጥቁር ፕላስተር ሸፍኚው፣ ለተሳታፊው እንዳይታይ። ሽቦውን ኢኢጂው ላይ ባለ ትርፍ መግቢያ ሰኪው። ሰው ሳይኖር አንድ ሙሉ ሙከራ አስኪጂና የፕሮግራሙን ምልክትና የሴንሰሩን ምልክት አስተያዪ። መዘግየቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ ችግር የለም፣ በትንተናው ትቀንሺዋለሽ። ከቃል ቃል የሚዋልል ከሆነ ግን አማካዩ ይደበዝዝብሻል። ያኔ ተሳታፊ ከመጥራትሽ በፊት የስክሪን ካርዱን ቅንብር እዪ፤ ከጀርባ የሚሮጡ ፕሮግራሞችንም ዝጊ። ካልተስተካከለ ሁለቱን ቁጥሮች እዚህ ለጥፊያቸው፣ አብረን እናያለን።